የራሴ ኮምፒውተር ፈቃድ የነፈገኝ ሰሞን

ያ ሰሞን ያስከፈለኝ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የድሮ ደንበኛና ቡራዩ ውስጥ «ነገር ይገባዋል» የተባለልኝ ስም ነው። ከሦስቱ ርካሹ ኮምፒውተሩ ነበር።

መናኸሪያው አጠገብ የማተሚያ ሱቅ ነበረኝ። ባነር፣ ማኅተም፣ የሠርግ ካርድ እንሠራለን። «እንሠራለን» ስል ዲዛይነሬ ይሠራል፣ እኔ ብሩን እቀበላለሁ። ዲዛይነሬ ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ የሚሠራ ባለዲግሪ ነው። በዚህ ንግድ የሚፈራው ሌባ ሳይሆን ፍላሽ ነው። ደንበኛው «አንዴ ልሰካት» ብሎ የሌላ ሰው ዲዛይን ቀድቶ ጎረቤት ሄዶ በርካሽ ያሳትማል። እኔም ብልጥ ነኝና ዲዛይነሬን «ፋይሉን ሁሉ ቆልፍ፤ ካንተ በቀር ማንም እንዳይነካው» አልኩት። ታዛዥ ነው፣ እንዳልኩት አደረገ። «ማንም» ከተባሉት አንዱ እኔ መሆኔን የተረዳሁት ማስተር ፕላኑ የመጣ ጊዜ ነው።

አዲስ አበባ ቡራዩን፣ ሰበታንና ሱሉልታን በካርታ ልትጠቀልል ነው ተባለ። አገሩ ተቆጣ። መንገድ ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፣ ዲዛይነሬ በወዲያኛው በኩል ቀረ። ስልኩም አይሠራም።

በዚህ መሀል አንድ ሽማግሌ መጡ። ከከተማው ዳር መሬት ያላቸው፣ ታላላቅ ልጆቻቸውን ሁሉ በእኔ ካርድ የዳሩ ሰው ናቸው። የመጨረሻዋ ልጃቸው ሰበታ ላለ ልጅ ልትዳር ነው። ካርዱ ተሠርቶ፣ ናሙናው ታይቶ፣ ሊታተም ብቻ ቀርቷል። ችግሩ ካርዱ ላይ የተጻፈው አዳራሽ ያለው አዲስ አበባ ነው።

«አካም ቡልቴ» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አሉኝና ተቀመጡ። «ሠርጉ ግቢዬ ሆኗል። አዳራሹን አውጣና ቤቴን አስገባልኝ። ነገ ካርዱ መበተን አለበት።»

«ይቺ ምን አላት፣ አባባ!»

ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። በእኛ አገር ሰው የድንኳኑ ገመድ ጠልፎ ቢጥለው እንኳ፣ ካርድ ካልደረሰው «አልተጠራሁም» ብሎ ልብሱን አራግፎ ይሄዳል። ካርድ ከሌለ ሽማግሌው በባዶ ድንኳን ሊያፍሩ ነው።

ፋይሉን ከፈትኩ። ዲዛይነሬ ሲሠራ አይቻለሁና አዳራሹን አጥፍቼ «በመኖሪያ ቤታቸው» ብዬ ጻፍኩ። አማረልኝ። ሴቭ ስለው ማሽኑ አንድ መልእክት አወጣ፦ አክሰስ ዲናይድ። ፈቃድ የለህም ማለት ነው። ደግሜ ነካሁት። ዘጋሁና ከፈትኩት። ሶኬቱን ነቅዬ ሰካሁት። ያው ነው።

«ኩን ማሊ? ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ሽማግሌው፣ ስክሪኑን በከዘራቸው እየጠቆሙ።

«ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል፣ አባባ።»

«የማንን?»

«የባለቤቱን።»

«ባለቤቱ አንተ አይደለህም?»

«ነበርኩ።»

ከዘራቸውን ከስክሪኑ አንስተው ወደ በሩ አዞሩ። «እነዚያ አዲስ አበባ የተቀመጡት፣ መሬቴን ሳይጠይቁኝ ካርታቸው ውስጥ አስገቡ። አንተ ደግሞ የልጄን ካርድ ለማረም ማሽን ታስፈቅዳለህ። እነሱ ማንን አስፈቀዱ?»

«የነሱ ኮምፒውተር ሳይሻል አይቀርም፣ አባባ።»

አልሳቁም። «ከሰዓት እመለሳለሁ» ብለው ወጡ።

ፊት ለፊታችን ያለው ባንክ ስለተዘጋ ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ ሱቄ በር ላይ ቆሟል። ኮምፒውተር አውቃለሁ ባይ ስለሆነ ጠራሁት።

«አድሚን ነህ?» አለኝ።

«ባለቤት ነኝ። ንግድ ፈቃዱ በስሜ ነው።»

«ኮምፒውተር ንግድ ፈቃድ አያነብም፣ ጋሼ። እዚህ ባለቤቱ ዲዛይነርህ ነው። አንተ እንግዳ ነህ።»

በገዛ ሱቄ! እንዴት ባለቤትነትን ከሰው ነጥቆ ወደ ራስ ማዞር እንደሚቻል፣ የቱ ጋ ተነክቶ የቱ ጋ ስም እንደሚቀየር አሳየኝ። «ይህቺን ፎልደር ብቻ ምረጥ፤ ሌላውን እንዳትነካ» አለ። ወዲያው ከመንገዱ ጩኸት ተሰማ፤ ሱቆች ግርር ብለው መዝጋት ጀመሩ። እሱ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ እኔ በሬን ከውስጥ ቀረቀርኩ።

ብቻዬን ስሆን የነጋዴ ጭንቅላቴ መሥራት ጀመረ። ባለቤትነት የሚወሰድ ከሆነ ለምን አንድ ፎልደር? ነገ ሌላው እንግዳ ቢለኝስ? ዲስኩን እንዳለ መረጥኩና ሁሉንም በስሜ አደረግሁት። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ሲሮጥ፣ የእኔ ሊሆኑ የማይገባቸው ነገሮች እጄ ሲገቡ ታየኝ፤ ደስ አለኝ። ካርታ የሚስሉት ሰዎች ምን እንደሚሰማቸው ያን ቀን ገባኝ።

ከዚያ ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት። አልተነሳም፤ ለካ ማሽኑ የሚነሳባቸውን ፋይሎች ጭምር ነጥቄዋለሁ። ሰማያዊ ስክሪን ያሳየኛል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ሰማያዊ። የሁሉም ባለቤት ሆኜ አንዱንም መክፈት አቃተኝ።

ረብሻው በረድ ሲል ሽማግሌው እንደተናገሩት ተመለሱ። እውነቱን ነገርኳቸው። የቀረው ቀድሞ ያተምኩት ናሙና ብቻ ነው፣ አዳራሹ እንዳለበት። እሳቸውም ናሙናውን ፎቶ ኮፒ አስደረጉኝ፤ ከዚያ እስክሪቢቶ ተውሰው አዳራሹን በእያንዳንዱ ላይ በወፍራሙ ሰርዘው፣ ከጎኑ «ቤቴ» ብለው ጻፉ። አንገቴን ደፍቼ የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ማሞቅ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

በማግሥቱ የዲዛይነሬ ስልክ ሠራ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ተስተካክሎ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ሴቭ ለምን አስፈለገ? ፕሪንት ብትለው እኮ ይታተም ነበር።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

የሽማግሌው የሱሉልታ ዘመዶች የተሰረዘውን ካርድ ሲያዩ ሠርጉ የተሰረዘ መሰላቸው፤ መንገዱ ተከፍቶ ሳለ አንድም ሰው አልመጣም። ልጅቷ በእናቷ ወገንና በሙሽራው ሰዎች ፊት ተዳረች። ሽማግሌው ግማሹ ባዶ በሆነ ድንኳን ውስጥ እንግዳ ማስተናገዳቸውን ሱቄ በር ላይ ሆኜ ሰማሁ።

ሂሳቡ ይህ ነው። ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። ኮምፒውተሩ ጥገና እምቢ ብሎ ከነፋይሎቹ ቀረ። ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ ሱቄ አልገቡም። ቡራዩም «ነገር ይገባዋል» ማለቱን ተወ። የሠርጉ ካርድ ለእኔ አልደረሰኝም፤ አልሄድኩም።