የራሰ በራው ፀጉር ማብቀያ

ስማ! የሰማህ ላልሰማው ንገር! የአንድ ጡረተኛ የታይፕ መምህር የሳሎን ኮምፒውተር በዓለም አደባባይ የፀጉር ማብቀያ ነጋዴ ሆኖ ተሹሟል።

ባለቤቱ ራሰ በራ ነው፤ ከመድኃኒቱ አንዲት ጠብታ አልደረሰችውም። ማሽኑ ግን ዳንቴል ለብሶ ጥጉን እንደያዘ፣ ለማያውቀው ሕዝብ ማስታወቂያ ሲረጭ ውሎ ሲረጭ ያድራል።

ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ያጠፋው ጨዋነቱ ነው። የመጣለትን ኢሜይል ሁሉ ይከፍታል፣ የተላከለትን ሁሉ ይቀበላል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይመልሳል። «በር ያንኳኳን እንግዳ ማን ይመልሳል?» ባይ ነው። አንዱ እንግዳ ታዲያ ገብቶ በዚያው ቀረ፤ ቤቱንም ሱቅ አደረገው።

ጦሱ ለልጁ ተረፈ። ልጁ የሙሽራ ቀሚስ ሰፊ ናት፤ የምትጠቀመውም በዚያው ማሽን ነው። ትልቅ ሥራ ያዘዘች ደንበኛ የቀሚሶቹን ንድፍ ትጠብቃለች። ንድፉ ግን በተላከ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል፤ ከዚያ ቤት የሚወጣ ኢሜይል ሁሉ ቆሻሻ ነው ተብሎ ታግዷል።

የኢንተርኔት ድርጅቱ ባለሙያ መጣ።

«አባባ፣ ይሄ ተጠልፏል። ከሩቅ ሌላ ሰው ነው የሚነዳው።»

«ምን ሆኖ፣ የኔ ልጅ? አያስል፣ አያስነጥስ!»

«የሚያስለው ጎረቤት ነው፤ ይሄ ማሽን በሽታውን አስተላላፊ ነው።»

«አባዬ፣ በሞቴ፣ ዝም በልና ያጽዳው!» አለች ልጅቱ፣ መርፌ በጥርሷ እንደያዘች።

ባለሙያው ሲያጸዳ ዋለ። «እገዳው ነገ ይነሣል። እስከዚያ ከማያውቁት ሰው የመጣ ነገር እንዳይከፍቱ፣ አደራ!» ብሎ ሄደ።

ደረጃውን ሳይጨርስ አንድ መልእክት ዱብ አለ፦ «ክቡር ደንበኛችን፣ ኮምፒውተርዎ መዳኑን ለማረጋገጥ እዚህ ይጫኑ።» መምህሩን በዕድሜው ሙሉ «ክቡር» ያለው ሰው የለም። ተጫነ።

«ምን ነካህ፣ አባዬ!»

«ያ ልጅ የላከው መስሎኝ! ለደከመልኝ ሰው መልስ መንፈጌ ነበር የቀረኝ?»

በማግስቱ እገዳው እንደተነሣ ደንበኛዋ ደወለች። «ቀሚስ ስጠብቅ፣ በስምሽ የሚጎርፍልኝ የፀጉር መድኃኒት ሆነ! ሥራውን ለሌላ ሰጥቻለሁ።» ልጅቱ ነጩን ጨርቅ አጥፋ ከረጢት ውስጥ ከተተች። አባቷ «ደውዬ ላስረዳልሽ?» ቢላት ቀና ብላም አላየችው።

እና አንተ፣ በሰው አባት የምትስቀው አንባቢ፦ እባክህ ተነሥ፤ «የኔ ደኅና ነው» የምትለውን ያንን የሳሎንህን ማሽን ቀረብ ብለህ እየው፤ በዚህች ደቂቃ ለማን፣ ምን እየላከ እንደሆነ…