ዙቤይዳ ሐይቁን የዞረችበት ቀን

ጅማ ውስጥ ሰው ሲሞት ወርቅውሃ ትፈለግ ነበር። አልቃሽ ሆና አይደለም፤ ለልቅሶ የሚሆን ድምፅ እንኳ አልነበራትም። የምትፈለገው ለመርዶ ነው። ልጁ ከግንባር ላልተመለሰለት አባት፣ ወንድሟ በመኪና አደጋ ላለፈባት እህት፣ ማን ቀርቦ ምን ብሎ እንደሚነግራቸው ሲጨንቅ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ወዳለው ቤቷ ሰው ይላካል። «እትዬ ወርቄ፣ እባክሽ ነይልን።» እሷም ብዙ ሳትጠይቅ ነጠላዋን ደርባ ትወጣለች።

የራሷ ሥርዓት ነበራት። መርዶ በምሽት አይነገርም፤ ሌሊቱ ለሐዘንተኛው አይነጋለትም። መንገድ ላይ አይነገርም። እህል ላልቀመሰ ሰው አይነገርም። ጎሕ ሲቀድ፣ ሰውዬው እንቅልፉን ጠግቦ ሲነሳ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ደጁ ላይ ሲሰባሰብ፣ አንድ ክንደ ብርቱ ሰው ከኋላው ሲቆም፣ ያኔ ይነገራል። እስከዚያ ድረስ የሞተው ሰው አልሞተም፤ «ትንሽ አመም አድርጎት» ነው።

ይህን ያስተማራት የራሷ ሐዘን ነው። አባቷ ያረፉ ጊዜ እሷ አጋሮ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ከጅማ የመጣ የጭነት መኪና ነጂ ገበያ መሐል ጎማውን በእግሩ እየመታ፣ «ትናንት የተቀበሩት ያንቺ አባት አይደሉም እንዴ?» አላት። እዚያው ጭቃው ላይ ወደቀች። ገበያተኛው ከቦ አያት፤ የተገለጠ ቀሚሷን የሚሰበስብላት አንድ ዘመድ በአጠገቧ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ፣ ሌላ ሰው እንደዚያ እንዳይወድቅ የምትችለውን ሁሉ ታደርግ ነበር።

መተዳደሪያዋ ቡና ለቀማ ነው። ከተማው ዳር ባለ የመንግሥት ቡና ማበጠሪያ ውስጥ፣ በረጅም ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ከሚቀመጡት ሴቶች አንዷ ነበረች፤ የጠቆረውንና የነቀዘውን ፍሬ ከደኅናው ይለያሉ። ፊት ለፊቷ የምትቀመጠው የጊንጆ ሰፈሯ ዙቤይዳ ነበረች። እጃቸው ቡናው ላይ፣ ወሬያቸው እርስ በርስ ሆኖ ዓመታት አለፉ። የዙቤይዳ ባል አብዱልሰመድ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ሲሞትም መርዶውን የነገረቻት ወርቅውሃ ናት። «አንቺ ባትነግሪኝ አብጄ ነበር» ትላት ነበር ዙቤይዳ በኋላ። የቀራት አንድ ልጅ ነው፤ ሙሐመድሳኒ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ።

በ1978 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ የእነሱ ጠረጴዛ የዓመቱን ዕቅድ በማለፉ ለቃሚዎቹ ኮከብ ሠራተኞች ተባሉ። ሽልማቱ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ጥቂት ቀን መዝናናት ነበር። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ከተማ መሪ ሆኖ፣ የድርጅቱ አውቶቡስ በቀይ ጨርቅ መፈክር ተጠቅልሎ ወጣ። ዙቤይዳ ልጇን ለጎረቤቷ ለሐጂራ አደራ ብላ መጣች። ከጅማ ርቃ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነበር።

ላንጋኖ ደርሰው ውሃውን ስታይ ሳቀች። «ይሄ ሐይቅ ሻይ ነው እንዴ? ወተት ቢጨመርበት ይጠጣል።» በአሸዋው ላይ ባዶ እግሯን ስትሄድ ትውላለች፤ የሞተር ጀልባው ግን አስፈራት። ጀልባው እንግዶችን ጭኖ ሐይቁን ያዞራል፤ አስጎብኚው ለይኩን የሚባል ቁምጣ ለባሽ ወጣት ነው፤ ነጂውም ተራኪውም እሱ። ሌሎቹ ሲዞሩ ዙቤይዳ ዳር ተቀምጣ ልብስ ትጠብቅ ነበር። «እኔ ከጊቤ ድልድይ ላይ ውሃ ሳይ እንኳ ያዞረኛል።»

ሐሙስ ጠዋት ከሆቴሉ ቢሮ ጓድ ከተማ ለስልክ ተጠራ። ብዙም ሳይቆይ በር ላይ ብቅ ብሎ ወርቅውሃን በዓይኑ ጠቀሳት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ከጅማ ነው። የዙቤይዳ ልጅ ታሟል ይላሉ።»

ወርቅውሃ መነጋገሪያውን ተቀበለች። በወዲያ በኩል ያለው የድርጅቱ የቢሮ ሠራተኛ ገብረሥላሴ ነበር፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«እትዬ ወርቄ፣ ልጁ በጣም ታሟል። ቶሎ ትምጣ።»

«ገብሬ፣ እኔ ነኝ እኮ። ለኔ ንገረኝ።»

«ታሟል ነው የምልሽ። ከጎጀብ ቆላ ወባ ይዞ መጥቶ ራሱ ላይ ወጣበት። ሆስፒታል ነው። ምንም አልሆነም፣ ብቻ ቶሎ ትምጣ።»

ስልኩን ዘጋች። ገብረሥላሴ የተናገራቸውን ቃላት ታውቃቸዋለች፤ ያስተማረችው እሷ ናት። የድርጅቱ ዘበኛ እናት የሞቱ ጊዜ ገብረሥላሴ ስልክ ይዞ ምን እንደሚል ሲጠፋበት ከጎኑ ቆማ፣ «‹በጣም ታመዋል፣ ምንም አልሆኑም፣ ቶሎ ና› በል፤ ሌላ አትጨምር» ብላው ነበር።

«እውነት ታሞ ቢሆንስ?» አለ ከተማ። «አሁን መንገድ ላይ ወጥተን መኪና ብንለምንላት፣ አንዳችን ይዘናት ብንሄድ፣ ነገ ትደርሳለች።»

«ጓድ ከተማ፣ ለታመመ ልጅ ላንጋኖ ድረስ ማን ይደውላል?»

ከተማ ወደ ስልኩ አየ።

«ልጁ ሙስሊም ነው፤ ይሄኔ ተቀብሯል። ብትሮጥም አትደርስበትም። በማታውቀው መኪና ውስጥ፣ የሰው ዓይን እያየች፣ ገምታ መንገድ ላይ እንድትወድቅ ነው? እንደ ታሰበው ነገ እንነሳለን። ከኛ ጋር ትሆናለች። ጎሕ ሲቀድ ቤቷ ደጃፍ ላይ እነግራታለሁ።»

ከተማ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገው። በዚህ ጉዳይ ወርቅውሃን የሚከራከር ሰው ጅማ ውስጥ አልነበረም። ለሌሎቹም አንድ ባንድ ተነገራቸው፤ ሁሉም ፊታቸውን አሳመሩ።

ከሰዓት በኋላ ዙቤይዳን ጀልባው ላይ ያወጣቻት ራሷ ወርቅውሃ ናት። ከዚህ በኋላ የምትስቅበት ቀን የሚመጣው መቼ ነው ብላ አሰበች። ይህችን አንዲት ከሰዓት ልትሰጣት ፈለገች።

«ዛሬ ትገቢያለሽ።»

«ማሎ ወርቄ፣ በአላህ ተይኝ! ዋና የት አውቄ?»

«እኔስ የት አውቄ? አብረን ነን።»

ለይኩን ብርቱካናማውን የዋና ሰደርያ በቀሚሷ ላይ አለበሳት። ዙቤይዳ ራሷን አየች። «ይሄን ለብሼ ጊንጆ ብገባ ልጄ ራሱ ድንጋይ ይወረውርብኛል።» ሰው ሁሉ ከሚገባው በላይ ጮክ ብሎ ሳቀ።

ጀልባው ተነሳ። ለይኩን አንድ እጁ መሪው ላይ፣ ሌላው አየር ላይ ሆኖ ያስረዳል። ያ የካካ ተራራ ነው፤ እዚያ ቀዩ ገደል ላይ ዝንጀሮዎች ያድራሉ፤ እዚህ ሸምበቆው ውስጥ ጉማሬ አለ። «ግን አትፍሩ፤ ኮከብ ሠራተኛ እንዳይነካ መመሪያ ወርዶለታል።» ከዚያ ሞተሩን ለቀቀው። ጀልባው ውሃውን እየዘለለ መታው። ዙቤይዳ ጮኸች፣ የወርቅውሃን ጭን ቆነጠጠች፣ ሻሿ ተፈታ። ከዚያ ጩኸቱ ሳቅ ሆነ። እንደገና በል አለችው።

«እናቴ ወደዱት!» አለ ለይኩን። «ልጅ አለዎት?»

ለቃሚዎቹ ሁሉ ወደ ውሃው አዩ።

«አንድ ወንድ። አሥረኛ ክፍል ነው፤ ቁመቱ ግን የአሥራ ሁለተኛ ነው።»

«በሚቀጥለው ይዘውት ይምጡ። በነፃ አዞረዋለሁ።»

«ወርቄ፣ ሰምተሻል አይደል? ምስክሬ ነሽ።»

«ሰምቻለሁ» አለች ወርቅውሃ።

ለይኩን መሪውን አስያዛት። ዙቤይዳ ቆማ፣ ሰደርያዋ እስከ አገጯ ወጥቶ፣ ባዶውን ውሃ እያየች ባላት ድምፅ ሁሉ ተጣራች። «ሙሐመድሳኒ! እናትህን እያት!» ከተማ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዞረ። አንዷ ለቃሚ እንባዋ ፈሰሰ፤ ወርቅውሃ ክርኗን አጥብቃ ይዛ፣ «ውሃ ነው፣ ዓይኗ ገብቶ» አለች ጮክ ብላ።

ሐይቁ መሐል ያለች ደሴት ላይ ሲወርዱ ለይኩን ከዳር ቀዳዳው የበዛ ግራጫ ድንጋይ አንስቶ ውሃው ላይ ጣለው። ድንጋዩ አልሰጠመም። ዙቤይዳ ደጋግማ አስጣለችው፤ በመጨረሻ የጡጫ ያህል አንዱን መረጠች።

«ይሄን ብነግረው አያምነኝም። ‹እማ፣ ትምህርት ቤት ያልገባሽ መሆንሽን አታሳብቂ› ነው የሚለኝ። ሳፋ ሙሉ ውሃ ቀድቼ ፊቱ ላይ አንሳፍፈዋለሁ።» ድንጋዩን በወርቅውሃ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። «አደራ፣ እኔ ጋ ከሆነ ይጠፋብኛል።»

በማግስቱ ተነሱ። አዲስ አበባ አደሩ። በነጋታው አሰንዳቦ ሲደርሱ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም፤ ጅማ ቅርብ ነው። ወርቅውሃ ግን ሾፌሩን ወደ ጎን ጠራችው። «ፍሬኑ አስቸገረኝ በል። በምሽት ከገባን ሌሊቱን እንዴት ትችለዋለች?» አሰንዳቦ አደሩ። ዙቤይዳ በወርቅውሃ አጠገብ፣ ስለ ጀልባው እያወራች እንቅልፍ ወሰዳት።

ጎሕ ሲቀድ ጊንጆ ገቡ። ሁሉም ነገር ወርቅውሃ እንዳሰበችው ነበር። ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ወንዶች አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ዙቤይዳ ቆም አለች።

«ወርቄ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?»

ወርቅውሃ ከኋላዋ ሆና ሁለቱንም ክንዶቿን ያዘች። «ዙቤ፣ ሙሐመድሳኒን አላህ ወስዶታል።»

ዙቤይዳ አልጮኸችም። ወደ መሬት ልትወርድ ስትል ወርቅውሃ አልለቀቀቻትም። የዚያን ጊዜ ሐጂራ ከቤት ወጣች። ዓይኗ አብጧል።

«አሁን ትመጫለሽ?» አለች። «ትናንት ማታ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ነው እኮ ያረፈው። እስከዚያ በሩን ሲያይ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ‹እማ ናት?› ይላል። ስልክ አስደውዬ፣ ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እያልኩት…»

ወርቅውሃ የሰማችው ይህን ብቻ ነው፤ ትናንት ማታ። ክንዶቿ የዙቤይዳን ክንዶች እንደያዙ ቀሩ፤ አሁን ማን ማንን ደግፎ እንደቆመ አይታወቅም ነበር። ውስጥ፣ ልጁ እናቱን እየጠበቀ ለቀብር ገና አልታጠበም።

የሐዘኑ ሰሞን ወርቅውሃ በየቀኑ መጣች፤ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ውሃ ትቀዳለች። ማንም አልወቀሳትም። ሰው ሲበተን፣ ዙቤይዳ ከፍራሿ ላይ ሳትነሳ ጠራቻት።

«ስልኩ መቼ ነው የተደወለው?»

«ሐሙስ ጠዋት።»

«ጀልባው ከሰዓት ነበር።»

«አዎ።»

«ግቢ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«አዎ።»

ዙቤይዳ የምንጣፉን ጫፍ ስታፍተለትል ቆየች። «ስስቅ ታይኝ ነበር» አለች።

«ዙቤ፣ የሞተ መስሎኝ…»

«መስሎሽ ነው። አውቃለሁ። ክፋት የለብሽም። ክፋት ቢኖርብሽ ይቀለኝ ነበር።»

ወደ ሥራ ስትመለስ ዙቤይዳ መቀመጫዋን ወደ ጠረጴዛው ሌላ ጫፍ ወሰደች። የወርቅውሃ ፊት ለፊት ባዶ ሆነ፤ በኋላ አንዲት አዲስ ገቢ ተቀመጠችበት።

ከዚያ በኋላ ለመርዶ ሲጠሯት ወርቅውሃ ከበሯ አልወጣችም። «ሂዱና ንገሩት» ትላለች። «አሁኑኑ፣ እንደሆነው።»

«በዚህ ምሽት?»

«በዚህ ምሽት።»

ሰዎቹ ምን ነካት እያሉ ይመለሳሉ። ቀስ በቀስ መምጣቱን ተዉት።

ዓመቱ ዞሮ መስከረም ሲጠባ፣ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ የወርቅውሃ በር ተንኳኳ። ዙቤይዳ ናት። አልገባችም፤ ግቢው መሐል ቆመች።

«ድንጋዩ አንቺ ጋ ነው?»

ወርቅውሃ ከመስኮቱ ደፍ ላይ፣ በጨርቅ እንደተጠቀለለ አመጣችላት። ልትወስድላት ሦስት ጊዜ እስከ ጊንጆ መንገድ ድረስ ወጥታ ተመልሳ ነበር።

«ሳፋ አለሽ?»

ወርቅውሃ ሳፋውን አውጥታ ከቧንቧው ሞላችው። ዙቤይዳ ቁጢጥ ብላ ድንጋዩን በሁለት እጇ ውሃው ላይ አኖረችው። ትንሽ ጠለቅ አለና ብቅ አለ፤ በዝግታ እየዞረ ወደ ሳፋው ጠርዝ ተጠጋ። በኦሮምኛ «አየህ?» አለች። ወርቅውሃን አላየችም፤ ከሳፋው ማዶ ያለውን መሬት ነበር የምታየው። «አልዋሸሁህም።»

ድንጋዩን አውጥታ በሻሿ ጫፍ አደረቀችው፣ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው፣ ተነሳች። የግቢውን በር ከፍታ እየወጣች፣ «ውሃውን ድፊው» አለች።

ወርቅውሃ ሳፋውን አነሳች። ከባድ አልነበረም፤ ግን ውሃውን ሳትደፋ መልሳ አስቀመጠችው።