አባቴ አራስ አይደለም

አባቴ ወገቡን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ከአዋሳ ወደ ነገሌ ስንመለስ ሐኪሙ የነገረን አጭር ነበር፦ አይጎንበስ፣ ዕቃ አያንሳ፣ ግን በቀን ብዙ ጊዜ እየተነሳ ይራመድ። ካልተራመደ በዚህ ዕድሜው ጉልበቱ ይከዳዋል፣ አልጋ ለምዶ ይቀራል። እኔ ይህን በቃሌ ይዤ ገባሁ። ጎረቤት ግን ከሐኪም ይበልጣል።

ከጦር ካምፑ ዘመን ጀምሮ አብረውን የኖሩ ሴቶች አጥሚትና ገንፎ ይዘው ቤቱን ሞሉት። አባቴ ገና ክንዱን ሲያንቀሳቅስ፣ «ጋሼ፣ አፈር ስሆን አይነሱ! አጥንትዎ ይጥና እንጂ!» ይላሉ። ዕድሜውን ሙሉ ወታደር ሲያዝዝ የኖረ ሰው ለእነሱ ታዘዘ። ለእኔ ግን እምቢ አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተኛ። ጭኑ ሲከሳ እያየሁ አንድ ቀን ፈነዳሁ። «አባቴ አራስ አይደለም! ገንፎውን ውሰዱልኝ!»

«ቢወድቅ በአንገትሽ ነው» አለችኝ አንዷ።

«በአንገቴ ይሁን» አልኳት። እስከ ዛሬ አልጸጸትም።

በማግስቱ የአባቴ የድሮ ወዳጅ መጡ፤ በዕድሜ የሚበልጡት የቦረና ሽማግሌ ናቸው። በር ላይ አስቁሜ የሐኪሙን ትእዛዝ ነገርኳቸው። ሰምተው ገቡ።

«አካም፣ ናጋ?» አሉት፣ በኦሮምኛ ሰላም ሲሉት።

«ናጋ፣ ናጋ። ኖር!» አለ አባቴ፣ እንደተኛ።

ሽማግሌው አልተቀመጡም። «ኖር ተኝቶ ነው እንዴ የሚባለው? ደንቡ የእናንተ ነው፣ ያስተማርከኝም አንተ ነህ። በል፣ ቆሜ እጠብቃለሁ።»

አባቴ አፈረ። ሆስፒታል እንዳሳዩት በጎኑ ዞረ፣ እግሩን አወረደ፣ በክርኑ ገፍቶ ተቀመጠ። ከዚያ ምርኩዙን ይዞ ተነሳ። ያን ቀንም ያልቀሩት ሴቶች ጮኹ። እኔ ዘልዬ እንዳልይዘው እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ፤ ፈርቼ ነበር፣ በጣም።

«ኖር» አለ ቆሞ።

«በእግዜር» አሉና ሳይቀመጡ ወደ በሩ ዞሩ። «አሁን ሸኘኝ።»

እስከ ግቢው በር ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። አባቴ ሁለቴ ቆመ፤ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ያቺው «በአንገትሽ» ያለችኝ ሴት ወንበር ይዛ ስትሮጥ ፊቷ ተደነቀርኩ።

«ወንበሩን መልሺው።»

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽን ልትገድዪው ነው!»

አባቴ የበሩን እንጨት ጨብጦ ዞረ። «ተዪያት» አላት ሴትዮዋን። «እንግዳው የእኔ ነው።»

ብሎ ከበሩ ወጣ።