ኤይም ማለት ለካ መገመት ነበር

ዛሬ ደብተሬን መልሼ ትምህርቱን ላቆም ሄጄ፣ የቤት ሥራ ይዤ ተመለስኩ።

እዚህ ጭሮ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አማርኛውን ማንበብ ችያለሁ፤ እንግሊዝኛው ግን አስመረረኝ። ልጅ ሳለሁ ያላስተማሩኝን ዛሬም ይቅር አላልኳቸውም።

መምህሬ ሰዓዳ ሰሌዳው ላይ «ኤይም» ብላ ጻፈች። ዓላማ ማለት ነው አለች።

«ዓላማ የወጣት ነው ልጄ» አልኳትና ደብተሩን ዘረጋሁላት።

አልተቀበለችኝም። «እማማ ፋጡማ፣ የእንግሊዝኛው ቃል ጥንት መገመት ማለት ነበር። እርስዎ ጫት ሲነግዱ፣ ማሳ ላይ የቆመውን አይተው ስንት እስር እንደሚወጣው ስንት ዓመት ገመቱ?»

«ሠላሳ ዓመት።»

«ታዲያ እንግሊዝኛው ስንት ይቀረዋል?»

እንደ ጫቱ ዓይኔን ጠበብ አድርጌ አሰብኩ። «ለሰነፍ ሁለት ዓመት፤ ለእኔ አንድ ክረምት።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ጎረቤቴ ዘይነባ ከኋላ «ጫቱንም እንዲሁ ነበር የምታጋንኚው!» አለች። (ቅናት ነው፤ እሷ ገና «ቢ»ን ከ«ዲ» አልለየችም።) ሰዓዳም ደብተሬ ላይ የቤት ሥራ ጽፋ ሰጠችኝ።

የማላውቀውን ሲቆጥሩብኝ ኖሬአለሁ። ከማውቀው ጀምራ ያስተማረችኝ ይህች ልጅ ናት። አላህ ዕድሜ ይስጣት።

እናንተስ፣ «በቃኝ» ባላችሁ ቀን ማን መለሳችሁ? ጻፉልኝ፤ በአማርኛ ከሆነ ራሴ አነባለሁ።