የእናቴን ጾም ይዤ ስሮጥ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ አምቦ ውስጥ፣ አስረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ብዙ ዘመን አልፎታል፤ ግን ሰው ውሃ ሲጠጣ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ሰው ደግሞ ውሃ የማይጠጣበት ቀን ስለሌለ፣ የማይረሳኝ ነገር ሆኖ ቀረ።

አባቴን ያጣሁት ገና ነፍስ ሳላውቅ ነው። ቤታችን ውስጥ ያለነው እኔና እማዬ ብቻ ነበርን። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነው የምትውለው። ደንበኞቿ አብዛኞቹ ከገጠር የሚመጡ ስለሆኑ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እያቀላቀለች ስትስቅባቸው፣ ስትከራከራቸው ትውላለች።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ ኩላሊቷን አመማት። ወለሉ ላይ እስክትንከባለል ድረስ አሰቃያት። ሐኪሙ አይቷት ሲያበቃ፣ “ጠጠር ነው፤ ትንሽ ስለሆነ ውሃ አብዝተው ከጠጡ በራሱ ይወጣል። ጠዋትም ቀትርም ማታም፣ ሳይጠማዎት ይጠጡ” አላት። እሷም እሺ ብላ ጠጣች፤ ሻል አላት። ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

እማዬ በሁዳዴ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህልም ውሃም በአፏ አይዞርም። የነፍስ አባታችን ቤት ድረስ መጥተው፣ “የታመመ ሰው ይጠጣል፤ እኔ ፈቅጃለሁ” አሏት። “እሺ አባቴ” ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች። እግራቸው ከግቢው እንደወጣ ግን፣ “አዝነውልኝ ነው እንጂ!” ብላ ኩባያውን ገፋ አደረገችው።

ሕመሙ ተመለሰ። ማታ ማታ ጥርሷን ነክሳ ስታቃስት እሰማታለሁ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩባት። “ከዚህ ቤት ጾም አይጠፋም” አለች፣ በቃ። እኔም የእሷው ልጅ ነኝ፤ ግትርነቱን ከየት አመጣሁት?

“እሺ፣ ያንቺው ችግር ጾም ከቤት እንዳይጠፋ አይደል? ያንቺን እኔ ልጹምልሽ። እስከ ዘጠኝ ውሃ በአፌ አይገባም። አንቺ ግን ትጠጫለሽ” አልኳት።

እስከዚያ ድረስ የእኔ ጾም እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነበር። ትክ ብላ አየችኝ።

“ትችያለሽ?”

“እችላለሁ።”

“ካልቻልሽ ንገሪኝ። ያን ቀን እኔ ወደ ጾሜ እመለሳለሁ።”

ተስማማን። በማግስቱ ጠዋት ኩባያውን አንስታ ውሃውን እስከ መጨረሻው ስትጠጣ አየሁ። ትምህርት ቤት የሄድኩት እየዘለልኩ ነው።

ያልነገርኳት ነገር ነበር። ለዞኑ ውድድር አምስት ሺህ ሜትር እንድሮጥ ትምህርት ቤቴ መርጦኛል። ይህን ታውቃለች፤ ልምምዱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ይመስላታል። የስፖርት መምህራችን ኦቦ ቶሌራ፣ “ውድድሩ እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ፀሐዩን ካልለመዳችሁት ይጥላችኋል” ብለው ልምምዱን በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ አድርገውታል። የአምቦን የመጋቢት ፀሐይ የቀመሰ ሰው ሰባት ሰዓት ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል።

ችግሩ ግን ኦቦ ቶሌራ ውሃ ላይ ቀልድ አያውቁም። ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። ሳይጠጣ የሚወጣ የለም። “ሲጠማችሁ አይደለም የምትጠጡት። ከጠማችሁማ ዘግይታችኋል! ባታችሁ ተኮማትሮ መንገድ ላይ ብትዘረጉ የምሸከማችሁ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ወገቤን ያመኛል” ይላሉ።

እኔ ኩባያውን እቀበልና ፊቴን አዙሬ አናቴ ላይ እደፋዋለሁ። ልጆቹ “ይቺ ልጅ ቤቷ መታጠቢያ የለም እንዴ?” እያሉ ይስቁብኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ። ምን ላድርግ?

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቻልኩት። እየዋለ ሲያድር ግን ራሴን ይወቅረኝ ጀመር። ሽንቴ የሻይ መልክ ያዘ። ላቤ ግንባሬ ላይ ደርቆ ጨው ሆኖ ይቀራል። ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቆ ቤት እገባለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ አልጋዬ ላይ ጥቅልል ብዬ እጠብቃለሁ። ማታ እማዬ “ጾምሽ?” ትለኛለች። “ጾምኩ” እላታለሁ። እሷ ደግሞ ፊቷ እየተመለሰ፣ ማቃሰቷ እየቀነሰ ሄደ። ይህን እያየሁ እንዴት ልጠጣ?

አንድ ቀን በጉደር መንገድ ወጣን። ሌሎቹ ከተለመደው ቦታ ሲመለሱ እኔን እልህ ያዘኝና “እስከ ቀጣዩ ኩርባ ደርሼ እመጣለሁ” ብዬ ቀጠልኩ። ኩርባው ጋ ሳልደርስ ቀኝ ባቴ ሽምቅቅ አለ። ቆሜ ላፍታታው ስል ግራውም ተከተለ። መንገዱ ዳር ወደቅኩ። ባቴን ስነካው ድንጋይ ሆኗል። “እማዬ!” ብዬ ጮህኩ፤ ማንም የለም። ከዚያ በኋላ መጮህም አልቻልኩም፤ ጉሮሮዬ ደረቀ።

ከከተማው በኩል አንዲት ሴት በእግሯ መጣች። ሃያዎቹ ውስጥ ያለች ወጣት ናት። ሆዷ ገፍቷል፤ መውለጃዋ የደረሰ ትመስላለች። እንዳየችኝ ፈጠን ፈጠን አለች።

“ማል ታቴ፣ ኦቦሌቲ ኮ? ምን ሆንሽ እህቴ?”

እግሬን አሳየኋት። ያን ሆዷን ይዛ እንደምንም አጠገቤ ቁጭ አለች። ተረከዜን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የእግሬን ጣቶች ወደ ራሴ አቅጣጫ ቀስ አድርጋ ገፋች። ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ከዚያ በዘንቢሏ ከያዘችው ፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑን ከፍታ ዘረጋችልኝ።

“ቢሻን ዱጊ። ውሃ ጠጪ።”

“ጾመኛ ነኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት” አልኳት።

ፀሐይዋን ቀና ብላ አየቻት። “ገና ነው እኮ!”

“አውቃለሁ።”

ትከራከረኛለች ብዬ ስጠብቅ ጠርሙሱን መልሳ ከደነችው። ነጠላዋን ከላይዋ አውርዳ በሁለታችን ራስ ላይ ዘረጋችው። “እንግዲያው አብረን እንጠብቃለን” አለች።

ስሟ ደሚቱ ነው። አምቦ ጤና ጣቢያ ለእርግዝና ክትትል ውላ ወደ ቤቷ መመለሷ ነበር። መኪና አጥታ በእግሯ ጀመረችው። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ላቧ ባንገቷ ይወርዳል።

“አንቺ ጠጪ እንጂ” አልኳት።

“ምን ነክቶሽ! የተጠማ ሰው እያየኝ? እኔ እንዲህ ተደርጌ አላደግኩም።”

“እርጉዝ ነሽ እኮ!”

“ነርሷም ውሃ አብዢ ብላኛለች” አለችና ሆዷን መታ መታ አደረገችው። “ግድ የለም፣ እሱም ከእኔ ጋር ይጠብቃል። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ የእናንተን ጾም አንጾምም። ግን ከሰው ጋር መጠበቅ ምንም አይለን።”

ኧረ በሕግ! ከአንዷ ግትር ቤት ወጥቼ ሌላዋ ግትር እጅ ወደቅኩ። ለመንኳት፤ እምቢ። ቢጨንቀኝ ሁሉንም ነገርኳት፤ የእማዬን ኩላሊት፣ ስምምነታችንን፣ ከጠጣሁ እማዬ መጠጣት እንደምታቆም። እግሬን እያሸች ሰማችኝ፤ ጠርሙሱን ግን አልነካችም።

ትንሽ ቆየት ብላ ማሸቷን ተወች። ራሷን ጉልበቷ ላይ ደፋች።

“ደሚቱ?”

“ዓይኔ ጨለመብኝ” አለች፣ በቀጭን ድምፅ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት እስከ ዛሬ ልገልጸው አልችልም። ወዲያ እናቴ፣ ወዲህ እሷና ሆዷ ውስጥ ያለው። ጠርሙሱን ከዘንቢሉ ነጥቄ ከፈትኩና ጎንጨት ጎንጨት አደረግኩ። “ይኸው ጠጥቻለሁ! አየሽኝ? አሁን ጠጪ፤ በሞቴ ጠጪ!” ብዬ አፏ ላይ ያዝኩላት። ጠጣች። ደጋግማ ጠጣች። ፊቷ ቀስ እያለ ሲመለስ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

“እማዬን ገደልኳት” አልኩ።

“አልገደልሻትም። ነይ፣ ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ።”

ወደ አምቦ የሚሄድ ባለ ጋሪ አስቁማ ደግፋ አወጣችኝ፤ እሷም ተከትላ ወጣች። በዚያ ፀሐይ የመጣችበትን መንገድ ሁሉ ለእኔ ስትል መልሳ ሄደችው።

እማዬ በረንዳው ላይ ነበረች። መኪናዋ አጠገብ የውሃ ኩባያዋ ተቀምጧል። እያነከስኩ ስገባ መርፌው እንደተሰካ ትታው ተነሳች። ደሚቱ በኦሮምኛ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት። እማዬ ወደ እኔ ዞረች።

“በዚህ ፀሐይ ነው የምትሮጪው?” አለችኝ።

“አዎ።”

“ውሃ ሳትጠጪ?”

ኩባያዋን አነሳችና ውስጡ ያለውን ውሃ አየችው። “የልጄን ደም ነዋ ስጠጣ የከረምኩት!” አለች። ከዚያ ኩባያውን አስቀመጠችው። “በቃ። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ጠጪ። የእኔን ጾም እኔው እጾመዋለሁ።”

የፈራሁት ደረሰ። እግሯ ሥር ተደፋሁ። “እማዬ፣ ትሞቺብኛለሽ” አልኳት። እሷም ታለቅሳለች፤ ግን ፊቷን አውቀዋለሁ፣ የሚመለስ ፊት አይደለም።

ደሚቱ በረንዳው ደፍ ላይ ተቀምጣ ስታየን ቆይታ ጉሮሮዋን ጠረገች።

“አዴ፣ እናቴ፣ የቸገረሽ ጾም ከቤትሽ እንዳይጠፋ ነው አይደል?”

“አዎ፣ ልጄ።”

“ይኸው ጿሚ” አለች፣ ሆዷን ይዛ። “ይሄ ከተፈጠረ ጀምሮ እህልም ውሃም በአፉ ገብቶ አያውቅም። እስኪወለድ ድረስ ለሁለታችሁም ይጹምላችሁ።”

እማዬ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። “ያንቺ ልጅ ጴንጤ አይደል እንዴ?”

“ገና አልነገርነውም” አለች ደሚቱ።

እማዬ መጀመሪያ አፏን ያዘች፤ ከዚያ መቻል አቃታት። የታመመ ጎኗን ይዛ “ወይኔ፣ ወይኔ” እያለች እስክታነባ ሳቀች። ከታመመች ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ሳቋ ሲበርድ ኩባያዋን አነሳች። ወደ ደሚቱ ሆድ ዝቅ ብላ፣ “እሺ የኔ ጌታ፣ አደራ” አለችና ጠጣችው።

ለእኔ ስኳርና ትንሽ ጨው ውሃ ውስጥ በጥብጣ ሰጠችኝ። ደሚቱን ጥላ ውስጥ አስተኛቻት፤ አብልታ አጠጥታ፣ ፀሐይ ሲበርድ ጋሪ ላይ አሳፍራ ሸኘቻት። በማግስቱ የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄዳ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። “እኔ መጀመሪያም ጠጪ ብዬሽ ነበር። ለመስማት ጴንጤዋ እስክትመጣ መጠበቅ ነበረብሽ?” አሏት አሉ።

ጠጠሩ ፋሲካ ሳይደርስ ወጣ። ውድድሩንም ሮጥኩ፤ አራተኛ ወጣሁ፤ የሚወራለት ነገር የለውም። ኦቦ ቶሌራ ነገሩን ሲሰሙ በጣም ተቆጡ። ከዚያ በኋላ ኩባያ ሲሰጡኝ ውሃው በጉሮሮዬ ሲወርድ ካላዩ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አያነሱም ነበር።

ደሚቱ ሴት ልጅ ተገላገለች። እማዬ አበባ ያለው ቀሚስ ሰፍታ እስከ መንደራቸው ድረስ ሄዳ ጠየቀቻት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሕፃኗን ስም ጠርታ አታውቅም። “ጿሚያችን” ነው የምትላት።

አሁን እኔም እዚሁ አምቦ አስተምራለሁ፤ እማዬም አለች፣ አርጅታ። ጿሚያችን ትምህርቷን የምትማረው ከተማ ስለሆነ ቀትር ላይ እኛ ቤት አረፍ ትላለች። ሁዳዴን አትጾምም፤ ለእሷ ያው ተራ ቀን ነው። አምና አንድ ቀን በሁዳዴ መሐል ላቧን እያንጠፈጠፈች ገባችና እማዬን ስታይ አፈረች።

“እማማ፣ እናንተ ሳትጠጡ እኔ እንዴት ልጠጣ?” አለች።

በእሷ አፍ ደሚቱን ሰማኋት። ያ በነጠላዋ ሥር የተቀመጥንበት ሰዓት፣ ያ የተሰነጣጠቀ ከንፈር ፊቴ ላይ ድቅን አለና ዓይኔ ሞላ።

እማዬ በምርኩዟ ተነስታ ኩባያውን እስከ አፉ ሞላችላት።

“ጠጪ፣ የኔ ልጅ። አንቺ ድሮ ጾመሽ ጨርሰሻል።”