ባንዲራ የፋቅሁባቸው መርከቦች

በደርግ ጊዜ ወረታ ላይ ሰው ጠመንጃ ሲደብቅ እኔ መርከብ እደብቅ ነበር። ከአሰብ ጭነው የሚመጡ ሾፌሮች አንድ አንድ እያሉ ያመጡልኝ፣ ከጣት የማይበልጡ የመንገደኛ መርከብ አምሳያዎች ናቸው፤ አሥራ አንድ ደርሰው ነበር። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ክረምት ፎገራ ሜዳ በውኃ ሲሞላ ካየሁት በቀር።

የቤት ለቤት አሰሳ ሊደረግ ነው ሲባል ባለቤቴ፣ «አንተ ሰው፣ ይህን ጉድህን ርብ ወንዝ ውስጥ ጣልልን!» አለችኝ። አንጀቴ እንቢ አለ። የነጋዴ ብልጠት መሰለኝና በየመርከቡ ላይ የተሳለውን የባዕድ ባንዲራ ብቻ በምላጭ ፋቅሁት።

ለአሰሳው ቤታችን የገባው ካድሬ መርከቦቹን ከደበቅሁበት አወጣቸው፤ አንዱን አንስቶ የተፋቀውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«እዚህ ላይ ምን ነበረ?»

«ባንዲራ።»

«የማን አገር?»

«እኔ እንጃ ጓድ፤ እውነቴን ነው፣ አላውቀውም።»

«የማታውቀውን ለምን ፋቅኸው?»

ካድሬው መርከቦቹን በሙሉ በጆንያ ከትቶ «ቅደም» አለኝ። ባለቤቴ ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ እስከ በሩ ተከተለችን።

«መርከቡን እንኳን ወሰዳችሁልኝ፤ ሰውዬውን ግን መቼ ትመልሱልኛላችሁ?» አለችው።