ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ከብስክሌት ስወርድ

በ2015 ዓ.ም. በመኸር፣ ደባርቅ አጠገብ ባለው ቀያችን በድብ ባሕር ገብስ ሲታጨድ ነው ከአገሬ የወጣሁት። ታላቅ ወንድሜ አያ ደሴ አጨዳውን ጥሎ ሊሸኘኝ ጎንደር ድረስ መጣ። በዋዜማው ምሽት ቁስቋም ከተከራየሁት ቤት ደጃፍ ተቀመጥን።

«ምነው እቴ፣ በመኸር መንገድ ይወጣል?» አለኝ።

«ቪዛው የመጣው አሁን ነው፣ አያ።»

«ቪዛ ገብስ መድረሱን አያውቅማ» አለ።

ጎህ ሲቀድ ልጄን ኤልዳናን አዝዬ ቁስቋምን ተሳልሜ ወጣሁ። ባሌ በመተማ፣ በሱዳን አድርጎ ካናዳ የገባው እሷ ገና ጡት ሳትጥል ነው፤ አባቷን የምታውቀው በስልክ ብቻ ነበር። እሱ በእግሩ ተሰቃይቶ ያለፈውን መንገድ እኛ በአውሮፕላን ተቀምጠን፣ ምግብ እየቀረበልን ሄድነው። ስለዚህ ስለ መንገዱ የማማርረው የለኝም። እግዚአብሔር ይመስገን።

ኑሮው እንዴት ነው ለምትሉኝ፣ ቤቱ ይሞቃል፣ ውሃው አይቋረጥም፣ ሰዉም ክፉ አይደለም። ብርዱ ግን እኛ የምናውቀው ብርድ አይደለም። የደባርቅ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል፤ የዚህ አገሩ ከፀሐይ ጋር ተስማምቶ ይኖራል። ሽሮው ከአገር ቤት ይመጣል፣ የሚወጠወጥበት ውሃ ሌላ ስለሆነ ነው መሰለኝ እንደዚያ አይጥመኝም። ይህን ሁሉ ለመድሁት። ያልለመድሁት አንድ ነገር፣ ከቅዳሴ መቅረት ነው።

የእኛ ሰዎች ለእሑድ ብቻ የሚከራዩት አዳራሽ አላቸው። አዳራሹ የሌላ እምነት ሰዎች ነው፤ ረፋዱ ላይ እነሱ ስለሚፈልጉት የእኛ ቅዳሴ ገና ጎህ ሲቀድ ይጀመራል። የእሑድ ባስ ደግሞ አርፍዶ ነው የሚነሣ። ባሌ የጭነት መኪና ስለሚነዳ እሑድን ውጭ ያሳልፋል፤ ታክሲ የሚታሰብ አይደለም። ልጄን ይዤ ስደርስ ምንጣፉ እየተጠቀለለ ነው። ቄሱ አይቆጡም። «ልጄ፣ ለቁርባን ከመጀመሪያው መገኘት ነው» ይሉኛል። እሱንማ አውቃለሁ። ቁስቋም ሳለን በየጊዜው ትቆርብ የነበረች ልጅ፣ እዚህ ከመጣን አንድ ቀን እንኳ አልቆረበችም። ሌላው ሁሉ ቀርቶብኝ ይህ ብቻ በሆነልኝ እል ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ፍልሰታ ገባ። አገር ቤት ዝናብና ጉም ነው፤ እዚህ ዋናው በጋቸው። የጾሙ የመጀመሪያው እሑድ እንደ ልማዴ ባስ ስጠብቅ አለፈኝ። የቀረው አንድ እሑድ ብቻ ነበር።

ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ለተብርሃን የምትባል የአስመራ ልጅ ትኖራለች። እሑድ ሆቴል ስለምትሠራ ቅዳሴ አትሄድም፤ ለእኔ መድረስ ግን ከእኔ በላይ ታስባለች። ለአዲስ መጤዎች የተቋቋመ ማዕከል ለሴቶች ብስክሌት እንደሚያውስ የነገረችኝ እሷ ናት። በቡድን አንድ ዙር በሰላም ነድታ የተመለሰች ሴት በረዶ እስኪወርድ ድረስ ብስክሌቱን ከነልጅ ጋሪው ወስዳ ትጠቀማለች። በብስክሌት ከሆነ በወንዙ ዳር ባለው መንገድ አዳራሹ ሩቅ አይደለም።

«እኔ ጎንደር ያደግሁ ነኝ፣ የት አውቄ!» አልኋት።

«አስመራ አሮጊቱ ሳይቀር ይነዳል። እናንተ ምን ነካችሁ?»

«አገራችን ዳገት ነው።»

«እንግዲያ ዳገቱን እኔ አላስተምርሽም፤ ውጪ!»

ጾሙ ሳይገባ ጀምራ አንድ ወር ሙሉ መኪና ማቆሚያው ላይ እየገፋች፣ እየሳቀችብኝ አስተማረችኝ። እግዜር ይስጣት።

ከመጨረሻው የጾሙ እሑድ በፊት ባለው ቅዳሜ ጠዋት፣ ኤልዳናን ማዕከሉ ውስጥ ልጅ ለሚጠብቁት ትቼ፣ ከለተብርሃንና ከሌሎች ሴቶች ጋር ለዙሩ ወጣን። መሪያችን ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ እናት ናቸው። «ሊንዳ ብቻ በሉኝ» ቢሉንም አፌ እሺ ስላላለኝ እማማ ሊንዳ እላቸዋለሁ። ሄልሜቱን ከሻሼ በላይ ሳጠልቅ አይተው፣ «ሻሹ ይውጣ» አሉ። «አይወጣም» አልሁ። ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ወዘወዙት፤ ሄልሜቱ አልተነቃነቀም። «ይሁን» አሉ።

ዙሩ በትልቁ ፓርክ ይጀምርና ወደ ክሪኩ ይወርዳል። ክሪክ የሚሉት የእኛን ቀሃ የሚያህል ወንዝ ነው፣ ግን ልብስ የሚያጥብበት የለም። በዳሩ ትሬይል የሚባል የእግርና የብስክሌት መንገድ አለ፣ በድልድዮች ሥር ያልፋል፣ ከዚያ ዳክዬ ያለበት ሌላ ፓርክ፣ ከዚያ ዳገት፣ ከዚያ መመለሻው። ነፋሱ ሸጋ ነበር። ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው ግን የመጀመሪያው ሽማግሌ እስኪመጣ ነው።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና በቅሎ ነበረው። ታላቅ ሰው መንገድ ላይ ካገኘ ይወርዳል፣ ሰላም ይላል፣ ሰውየው ሲያልፍ መልሶ ይቀመጣል። ተቀምጦ ቁልቁል ሰላም ማለት ነውር ነው። እኔም ከትንሽነቴ ጀምሮ ያየሁት ይህንኑ ነው። እና አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ሲመጡ ሳላስበው ፍሬን ይዤ ወረድሁ፣ እጅ ነሣሁ። ሰውየው ደንግጠው ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ፤ ለሌላ ሰው መስሏቸው ነው።

ካናዳ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌው ሁሉ በእግሩ ይወጣል።

«ለምን ትወርጃለሽ? ፈራሽ?» አሉኝ እማማ ሊንዳ።

«አልፈራሁም። ሽማግሌ ነው።»

«እኔም አሮጊት ነኝ፤ ለእኔ አልወረድሽም።»

«እርስዎ ከፊቴ ነዎት። የማየው ጀርባዎን ነው።»

ሣቁ። «መንገድ መሐል አትቁሚ» ብለውኝ ቀጠሉ። አንድ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስንደርስ ግን፣ የማንም ይሁን መስቀል አለበት፣ ወረድሁ። ተሳልሜ ሳልጨርስ ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ። ለተብርሃን መጥታ ተላትማብኝ ወድቃለች፤ ጉልበቷ ተልጧል።

«አንቺ ጎንደሬ!» ጮኸች ከመሬት ሆና። «ይሄ በቅሎ አይደለም! ብረት ነው፣ ብረት!»

ሌሎቹ ሴቶች ሣቁ። እኔ አልሣቅሁም። የእማማ ሊንዳ ፊት ተለውጦ ነበር። ዙሩን እስክንጨርስ ደግሜ አልወረድሁም፤ ዳገቱንም ሳልገፋ ወጣሁት፣ ማንም ግን ልብ አላለኝም።

ማዕከሉ ስንመለስ ለብቻዬ ጠሩኝ። «ጎበዝ ነሽ፤ ግን ዛሬ ብስክሌቱን አልሰጥሽም። ከኋላሽ ልጅ ይዘሽ መንገድ መሐል ብትቆሚ አደጋ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ዙር አለ፤ ያኔ ነይ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፍልሰታ ተፈቷል። ሰው ለምኜ አላውቅም፤ አንደበቴም ለዚያ አልተሠራም። እሺ ብዬ ልሄድ ዞሬ ነበር። ልጄ ከለተብርሃን ጎን ቁጭ ብላ ጋሪውን እየነካካች «እማ፣ ባጃጅ!» ስትል አየኋትና ተመለስሁ።

«እማማ፣ አሁን ልድገመው። እርስዎ ከኋላዬ ይሁኑና ይዩኝ። ነገ ልጄን ማስቆረብ አለብኝ፤ ሌላ እሑድ ሳይመጣ ጾሙ ያልቃል።»

ሰዓታቸውን አዩ። ቁርባኑ ገብቷቸው እንደሆነ እንጃ። ለተብርሃን ጉልበቷን እንደያዘች፣ «እኔ የወደቅሁት ይቅር ብያታለሁ፤ እርስዎ ምን ሆኑ?» አለቻቸው። እማማ ሊንዳ ሄልሜታቸውን መልሰው አጠለቁ።

ሁለተኛውን ዙር ጋሪውን ባዶውን አስከትዬ ነዳሁት። ሽማግሌ ሲመጣ አንገቴን ደፋ አድርጌ «ጤና ይስጥልኝ» እላለሁ፣ ፔዳሉን ሳላቆም። አንዳንዱ እጁን ያነሣልኛል። በተቀመጥሁበት ሳልፋቸው ግን ፊቴ በእፍረት ይቃጠል ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስደርስ በአንድ እጄ ሳማትብ መሪው ተወላገደ። «ሁለት እጅ!» ብለው ጮኹ ከኋላዬ። የቀረውን በልቤ ጨረስሁት።

ስንመለስ የጋሪውን ቀበቶ ፈትሸው፣ ከኋላው መብራት አሰሩበት። «ውሰጂው» አሉኝ። እጃቸውን ልስም ስል ሸሹ።

ቤት ስደርስ አከራያችን ፖል መግቢያው ላይ ቆሟል።

«ብስክሌት ኮሪደር ላይ አይቆምም።»

«የት ላቁመው?»

«ውጭ።»

«ውጭ አይሰረቅም?»

«ይሰረቃል» አለ፣ ሳያቅማማ።

እኔና ለተብርሃን ጋሪውን ነቅለን ሁለቱንም በደረጃ አወጣናቸው። ወጥ ቤቴ ውስጥ ከምድጃው ጎን አቆምሁት።

አመሻሹ ላይ አያ ደሴ ጋ ደወልሁ፤ እነሱ ዘንድ ሊነጋ ነው። ኔትወርኩ እግዜር ይመስገን ሠራ።

«ምን ላይ ነው የምትቀመጭው?» አለኝ ሁሉን ከሰማ በኋላ።

«ብስክሌት ላይ።»

«ልጂቱስ?»

«ከኋላ በጋሪ።»

«ምነው እቴ፣ እንደ ድንች?»

ሣቅሁ። ከዚያ ያስጨነቀኝን ነገርሁት፤ ታላላቅ ሰዎችን ተቀምጬ ማለፌን። በመሐል መስመሩ ተንኮሻኮሸ።

«አያ፣ አለህ?»

«አለሁ። ሽማግሎቹ ከፋቸው?»

«ኧረ አንዳንዱ ሰላም ብሎኛል።»

«እንግዲያ ለታቦት ውረጂ። የሰውን እግዜር ያውቅልሻል። አሁን ተኝ፣ እንዳታረፍጅ።»

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ኤልዳናን ነጭ ቀሚሷን አለበስኋት። ውሃ ስትጠይቀኝ «ከቁርባን በኋላ» አልኋት፤ አላለቀሰችም። ነጠላዬ ጎማው ውስጥ እንዳይገባ ወገቤ ላይ አጥብቄ አሰርሁት፣ ብስክሌቱንና ጋሪውን ተራ በተራ አወረድሁ፣ በክሪኩ ዳር ነዳሁ። መንገዱ ላይ ከዳክዬ በቀር ማንም አልነበረም። አዳራሹ ጋ ስደርስ በሩ ገና አልተከፈተም። ወርጄ ተሳለምሁ፣ ልጄን ከጋሪው አውጥቼ እጇን ያዝሁና ቁልፍ የያዘው ዲያቆን እስኪመጣ ደጃፉ ላይ ቆመን ጠበቅን።